የፓርኪንግ ቅጣቱን ልክፈል ወይስ ልከራከር?

የቅጣት ወረቀት ከመጥረጊያው ሥር ሳወጣ መጀመሪያ ዓይኔ የሚሄደው ገንዘቡ ላይ ነው። መሄድ የነበረበት ቀኑ ላይ ነበር። ግን በዚያ ሰዓት ማን ልብ አለው? ደም ይፈላል። ከፊት የቆመው መኪና ምንም አልተለጠፈበትም። ከኋላ ያለውም እንደዚያው። «እኔን ብቻ ነው ያዩት?» እያልኩ ብቻዬን አወራለሁ።

ሥራዬ ዕቃ ማድረስ ነው። ቀኑን ሙሉ ስቆምና ስነሳ ነው የምውለው። ስለዚህ ከቅጣት ወረቀት ጋር የቆየ ትውውቅ አለን። እስካሁን ዘጠኝ ጊዜ ተቀጥቻለሁ። አራቱን ተከራክሬ ሁለቱን ረትቻለሁ። ከተረታሁባቸው አንዱ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እውነቱ የኔ ነበራ!

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናዬን ያቆምኩበት ቦታ «ማቆም ክልክል ነው» የሚል ምልክት ነበረው። ምልክቱ ግን ዛፍ ውስጥ ገብቷል። ቅጣቱን ካየሁ በኋላ ቅርንጫፉን በእጄ ገልጬ ነው ያነበብኩት። እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር ማን ይክደኛል ብዬ ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ሄድኩ። በአምስተኛው ቀን ፎቶ ላነሳ ስመለስ ዛፉ ተከርክሟል። ምልክቱ ከመንገዱ ጫፍ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እልህ ያዘኝና ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። የመጣልኝ መልስ ሁለት መስመር ነበር። ምልክቱ በግልጽ እንደሚታይ አይተናል፣ ቅጣቱ ይከፈል የሚል።

ከዚያ በኋላ ራሴን የምጠይቀው ጥያቄ ተቀየረ። «ተበድያለሁ ወይ?» ማለት ተውኩ። «መበደሌን እዚያ ላልነበረ ሰው ማሳየት እችላለሁ ወይ?» እላለሁ። ወረቀቱን የሚያየው ሰው ጠረጴዛው ላይ የተከመረ የሰው ቅሬታ አለበት። ዛፉን አላየም። እኔንም አያውቀኝም። የሚያየው የላክሁለትን ብቻ ነው።

ስለዚህ መኪናዋን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ስልካችሁን አውጡ። ለመከራከር ባትወስኑም አንሱ፤ ውሳኔው በኋላ ይደርሳል። መጀመሪያ ራቅ ብላችሁ መኪናው፣ መንገዱና አጠገቡ ያለው ሕንፃ አንድ ላይ የሚታዩበትን ፎቶ። ቀጥሎ ጎማዎቹ ከመስመሩና ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ምን ያህል እንደሚርቁ። ከዚያ ምልክቱን፤ ግን ስሩ ቆማችሁ ብቻ አይደለም። ሾፌር ወንበር ላይ ተቀምጣችሁም አንሱት፤ ሾፌር የሚያየው ከዚያ ነዋ። በሁለቱም አቅጣጫ ቀጥሎ ያለው ምልክት የት እንደሆነ ደግሞ እየሄዳችሁ በቪዲዮ ቅረጹ። የመክፈያ ማሽን ካለ ቁጥሩን፤ ከተበላሸም ስክሪኑ ላይ የሚለውን። ወረቀቱንም ከመስታወቱ ላይ ሳታነሱ። ሁሉም ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ዋናውን ፎቶ ስልካችሁ ላይ አቆዩት። በቻት ስትልኩት ብዙ ጊዜ የተነሳበትን ሰዓት የያዘው መረጃ ይጠፋል።

ቤት ስትገቡ ወረቀቱን እንደ ውል አንብቡት። ታርጋው የናንተ ነው? ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የመንገዱ ስም ልክ ነው? ጥፋት ተብሎ የተጻፈው በእርግጥ ያደረጋችሁት ነው? ክፍያ አልከፈሉም ተብሎ ከሆነና እናንተ ከፍላችሁ ሰዓት አልፎባችሁ ከሆነ፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም። እዚህ ጋ ግን አትጓጉ። የመንገድ ስም ላይ አንድ ፊደል ስለተሳሳተ ቅጣቱ ይሰረዛል ብሎ መዝለል ብዙ ሰው አሳፍሯል። ክብደት ያለው ስህተት የቱ መኪና፣ የት፣ መቼ፣ ምን አደረገ የሚለውን የሚያፋልስ ነው።

ወረቀቱን ማን እንደሰጠውም እዩ። ከመንግሥት አካል ወይም ከማዘጋጃ ቤት የመጣ ቅጣትና የግል የፓርኪንግ ድርጅት የለጠፈው የክፍያ ጥያቄ መልካቸው ይመሳሰላል። የሚከራከሩበት መንገድ ግን ይለያያል፤ የግሉ በአብዛኛው «ቦታዬን ስትጠቀም ውል ገብተሃል» በሚል የሚጠየቅ ገንዘብ ነው። «የግል ነው፣ ቀደህ ጣለው» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። አትስሙት። ፍርድ ቤት ሊሄድ የሚችልበት አገር ብዙ ነው።

ሌላም አለ። የውሸት ቅጣት። በስልክ መልእክት «ያልተከፈለ የፓርኪንግ ቅጣት አለብዎ፣ እዚህ ይጫኑ» የሚል ሊንክ ከመጣላችሁ አትንኩት። መስታወት ላይ የተለጠፈ ወረቀት ላይ ያለውን ኪውአር ኮድም ቢሆን ሳታጣሩ አትቃኙ። የሰጪውን መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ግቡና የቅጣቱን ቁጥር እዚያ አስገቡ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

አሁን ወደ ቀኑ እንመለስ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቀነ ገደብ አለ፤ አንዱ በቅናሽ ለመክፈል፣ ሌላው ቅሬታ ለማቅረብ። እንግሊዝ አገር ለምሳሌ የማዘጋጃ ቤት ቅጣት በ14 ቀን ውስጥ ከተከፈለ በግማሽ ይቀንሳል። ኒውዮርክ ከተማ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ካልከፈላችሁ ወይም ካልተከራከራችሁ ጭማሪ መቆለል ይጀምራል። እናንተ ያላችሁበት የራሱ ቁጥር ይኖረዋል፤ ወረቀቱ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። መነጽራችሁን አድርጉ።

አንድ ጥያቄ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ቅሬታ ሳቀርብ ቅናሹ ይጠብቀኛል ወይስ ይቃጠላል? መልሱ ውሳኔውን ግማሽ በግማሽ ይወስነዋል።

ሒሳቡን እንሥራው። ቅጣቱ 100 ነው እንበል፤ ቶሎ ለከፈለ 50። ቅናሹ የሚጠብቃችሁ ከሆነና ቅሬታው በኢንተርኔት የሚላክ ከሆነ፣ የምታጡት ግማሽ ሰዓት ነው። ትንሽም ብትሆን ውሃ የምታነሳ ምክንያት ካላችሁ ሞክሩ። ቅናሹ የሚቃጠል ከሆነ ግን ነገሩ ቁማር ነው። ዛሬ 50 ትከፍላላችሁ፣ ወይም ተከራክራችሁ ወይ ዜሮ ወይ 100። ከሁለት አንድ ጊዜ የማሸነፍ ዕድል ካላችሁ መክፈልም መከራከርም እኩል ነው። ከዚያ በላይ ካላችሁ መከራከር ያዋጣል። በአካል መቅረብ ካለባችሁና ግማሽ ቀን ከሥራ መቅረቱ 20 የሚያስከፍላችሁ ከሆነ ደግሞ፣ ከአሥር ሰባት ጊዜ በላይ እንደምትረቱ ካላመናችሁ ክፈሉና ተገላገሉ። ባለቤቴ ይህን ሒሳብ ወረቀት ላይ ስሠራ አይታ «አንተ ለቅጣት እንዲህ ካሰላህ ለቤቱ ወጪ ምነው?» ብላኛለች። መልስ አልነበረኝም።

ዕድሌን በስንት ልገምት ካላችሁ፣ ምክንያታችሁን ለማያውቃችሁ ሰው ንገሩትና ፊቱን እዩ። «አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የቆምኩት» ብዙም አያስኬድም። «ሌሎቹም ቆመው ነበር» ጭራሽ። «ፍሬቻ አብርቼ ነበር» የሚለውን እኔም ሞክሬዋለሁ፤ ሁለተኛው ሽንፈቴ እሱ ነው። ፍሬቻ መኪናው የት እንዳለ ያሳያል እንጂ ፈቃድ አይሰጥም። «ዝርዝር ሳንቲም ልፈልግ ሄጄ ነው» የሚለውም ዕድሜ ጠገብ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው የፓርኪንግ ሳንቲም መቀበያ እ.ኤ.አ. በ1935 ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ ተተከለ። ያኔ የተቀጡ አንድ ቄስ ይህንኑ ብለው ነፃ እንደወጡ ይተረካል። ዛሬ በስልክ በሚከፈልበት ዘመን እኛ ብንለው የሚሰማን እንጃ።

የሚያስኬዱት እነዚህ ናቸው፦ ከፍላችሁ ደረሰኙ በእጃችሁ ካለ። ምልክቱ የተሸፈነ፣ የተፋቀ ወይም ከሌላ ምልክት ጋር የሚጣረስ ከሆነና ፎቶው ካላችሁ። መኪናው ተበላሽቶ የጎታቹ ደረሰኝ ካለ። ድንገተኛ ሕመም ገጥሞ የሐኪም ወረቀት ካለ። መኪናውን ቀደም ብላችሁ ሸጣችሁ ወይም ተሰርቆ ከሆነ፣ ሰነዱ ካለ። ማሽኑ ተበላሽቷል የምትሉ ከሆነ ግን አጠገቡ ሌላ ማሽን ወይም በአፕ መክፈያ ነበር ወይ ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። ሰዓት ያለፈባችሁ በጥቂት ደቂቃ ከሆነ የእፎይታ ጊዜ መኖሩን ፈልጉ። እንግሊዝ ውስጥ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የማዘጋጃ ቤት ፓርኪንግ ላይ የተከፈለበት ሰዓት ካለቀ በኋላ 10 ደቂቃ ይታገሳሉ። እንዲህ ያለ ደንብ ካለ ክርክር እንኳ አያስፈልግም፤ ሁለቱን ሰዓቶች ጎን ለጎን ጽፎ መላክ ይበቃል።

የረታሁበትን አንዱን ላሳያችሁ። በአፕ ከፍዬ ነበር። ግን ታርጋዬ ላይ ያለውን ዜሮ «ኦ» ብዬ አስገብቼዋለሁ። ተቆጣጣሪው ታርጋዬን ሲፈልግ አላገኘውም፤ ቀጣኝ። ስህተቱ የኔ ነው። ሦስት ገጹን አስታውሼ እንዲህ ብቻ ጻፍኩ፦

«በተጠቀሰው ቀን ከ4፡10 እስከ 6፡10 ለዚሁ ቦታ ከፍያለሁ (አባሪ 1)። ታርጋውን ሳስገባ ዜሮን በ‹ኦ› ፊደል ተክቻለሁ (አባሪ 2)። በዚያ ፊደል የተመዘገበ መኪና የለኝም። ክፍያው የተፈጸመ በመሆኑ ቅጣቱ እንዲሰረዝ እጠይቃለሁ።»

በቃ። ስለ ኑሮ ውድነት የለም፣ ስለ ተቆጣጣሪው ጸባይ የለም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተሰረዘልኝ። ስህተቴን ራሴ መናገሬ ሳይጠቅመኝ አልቀረም፤ የሚደበቅ ነገር የሌለው ሰው ደብዳቤ አጭር ነው። የሌለ ደረሰኝ መሥራት ወይም ያልነበረ ሕመም መፍጠርን ግን አታስቡት። የፓርኪንግ ጥፋት ወንጀል ይሆንባችኋል።

የመጀመሪያው መልስ «አልተቀበልንም» ቢሆን ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ። ብዙ ቦታ መጀመሪያ የሚያየው ቀጪው ራሱ ነው። ከዚያ በላይ ገለልተኛ የሆነ ይግባኝ ሰሚ ካለ አዲስ ዓይን ነው። የቀድሞውን ደብዳቤ ደግሞ ከመላክ ግን ውድቅ ያደረጉበትን ምክንያት አንብባችሁ ለእሱ መልስ ስጡ። ለእሱ መልስ ከሌላችሁ እዚያው አቁሙ።

ሁለት ነገር በአጭሩ። መኪናው ተጎትቶ ከተወሰደ አስቀድማችሁ አውጡት። የማቆያው ሒሳብ በየቀኑ ይቆጥራል። ስትከፍሉ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ከፍሎ መከራከር እንደሚቻልም እዚያው ጠይቁ። ለተራ ቅጣት ግን ተቃራኒው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከከፈላችሁ አምናችኋል ማለት ነው፣ ፋይሉ ይዘጋል። መኪናው የኪራይ ወይም የመሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ ቶሎ ንገሯቸው። እነሱ ቀድመው ከፍለው የአገልግሎት ክፍያ ጨምረው ሊጠይቋችሁ ይችላሉ።

ባለፈው የመጣብኝን አልተከራከርኩም። የጭነት ማውረጃ ቦታ ላይ ነበርኩ፤ ዕቃ ግን አላወርድም ነበር። ስልክ እያወራሁ ነበር። ተቆጣጣሪው ፎቶ አንስቷል፣ እኔም ፎቶው ላይ አለሁ፣ ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነው። በቅናሹ የመጨረሻ ቀን ዋዜማ ከፈልኩ።

ስትረቱ የሚመጣላችሁን የስረዛ ደብዳቤ ግን አትጣሉ። የዜሮዋ ቅጣት ከተሰረዘች ከሰባት ወር በኋላ «ያልከፈሉት ቅጣት ከነጭማሪው» የሚል ወረቀት መጣልኝ። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከመኪናው መድን ጋር አስቀምጬው ነበር። ፎቶ አንስቼ ላክሁት። ከዚያ ወዲህ አልጻፉልኝም።