የማር ብልቃጥ ጣሪያ ላይ

እናቴ ቤት ክዳን ያለው ብልቃጥ አይጣልም። ማሩ ሲያልቅ በርበሬ ይገባበታል። በርበሬው ሲያልቅ ሚጥሚጣ፣ ከዚያ ኮረሪማ፣ ከዚያ ደግሞ ስሙ የተረሳ ዘር። ስለዚህ "ሦስት ስጪኝ" ስላት ለምን እንደሆነ ሳትጠይቅ አላለፈችኝም።

"መብራት ልሠራባቸው ነው። ጣሪያ ላይ ልሰቅላቸው።"

ትንሽ አየችኝ። "ኑሮ ሲወደድ ሰው እንዲህ ያደርገዋል" አለችና ሦስት አወጣችልኝ።

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ከምግብ ጠረጴዛዬ በላይ አንድ አምፖል ራቁቱን ተንጠልጥሎ ስድስት ዓመት ኖሯል። ተንጠልጣይ መብራት ልገዛ አንድ ሱቅ ገብቼ ዋጋውን ስሰማ ሻጩን አመስግኜ ወጣሁ። ራሴ የሠራሁት ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። አንዱ ቅዳሜ ስህተቴን ለማረም የሄደ ነው፤ እናንተ በአንድ ቀን ትጨርሱታላችሁ።

የመጀመሪያው ስህተቴ አምፖል ቀድሜ መግዛቴ ነበር። የብልቃጡን አፍ አልለካሁም። የተለመደው አምፖል ሆዱ ላይ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል። የማር ብልቃጤ አፍ ደግሞ ውስጡ 5 ተኩል ነው። አምፖሉ ከክዳኑ ጋር ቀድሞ ይታሰርና ብልቃጡ ከታች ነው የሚጠመዘዝበት። ስለዚህ አምፖሉ በአፉ ማለፍ አለበት። አላለፈም። መፍትሔው የኳስ ቅርጽ ያለው ትንሹ አምፖል ነው፤ ወደ 4 ተኩል ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። አምፖሉና መያዣው ተደምረው ከብልቃጡ ቁመት እንዳያልፉም ለኩ። ብርጭቆውና አምፖሉ መነካካት የለባቸውም፤ ዙሪያውን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር፣ ከታች ደግሞ ሰፋ ያለ።

አሮጌውን ቢጫ አምፖል ለዚህ ሥራ እርሱት። ከሚበላው ኃይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው፣ ብልቃጥ ውስጥ ደግሞ ሙቀቱ መሄጃ የለውም። ኤልኢዲ ግዙ። ከ4 እስከ 5 ዋት ያለው የድሮውን ባለ 40 ያህል ያበራል። ካርቶኑ ላይ 2700 ኬ የሚለውን ፈልጉ፤ ሞቅ ያለ፣ የሻማ መልክ ያለው ብርሃን ነው። 6500 የሚለው ነጭ ለጠረጴዛ አይሆንም፣ ወጡን ሁሉ ግራጫ ያስመስለዋል። ግማሽ አካሉ ነጭ ፕላስቲክ የሆነውም አይመቸኝም፤ ወደ ታች ብቻ ስለሚያበራ የብልቃጡ ትከሻ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። መስታወቱ ንጹሕ ሆኖ ውስጡ ቀጫጭን ክር የሚመስል ነገር ያለውን ምረጡ።

ብልቃጡን ማጠብ ቀላል ይመስላል። እኔ ግን አንዱን የሰበርኩት እዚህ ላይ ነው። የጠዋት ቅዝቃዜ ይዞት የነበረ ብልቃጥ ላይ የፈላ ውኃ ገለበጥኩበት። ጧ አለ። እናቴን እንደገና መጠየቅ ስላፈርኩ ጠዋት ጠዋት የሚያልፈውን ቆራሌ ጠበቅኩት። ከጆንያው ውስጥ አንድ አውጥቶ ሸጠልኝ። ሁልጊዜ ገዢ ሆኖ የኖረ ሰው ለአንድ ቀን ሻጭ ሲሆን ደስ ብሎት ነበር። ለብ ባለ ውኃና በኦሞ አሳድሩት፤ ወረቀቱ ጠዋት በራሱ ይላቀቃል። የሚቀረውን ሙጫ ዘይት ቀብታችሁ ጥቂት ቆይታችሁ በተነፋ አመድ እሹት። አመዱን ከእናቴ የቡና ከሰል ነው ያመጣሁት። በርበሬ የነበረበት ብልቃጥ ከሆነ ክዳኑን ከፍታችሁ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አውሉት። አለዚያ አምፖሉ ሲሞቅ ቤቱ በርበሬ በርበሬ ይላል።

አሁን ዋናው ሥራ፣ ክዳኑ። ብልቃጡን የሚሸከመው እሱ ነው። የአንድ ሊትር ብልቃጥ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ያም የሚንጠለጠለው በክዳኑ ጥርስ ላይ ብቻ ነው። ጥርሱ የላላ፣ የዛገ ወይም የተጣመመ ክዳን አትጠቀሙ። የፕላስቲክ ክዳንም አይሆንም፣ ሙቀት ሲያገኘው ይለሰልሳል።

የአምፖል መያዣ ስትገዙ ውጪው ጥርስ ያለውና ሁለት ቀለበት የሚጠመዘዝበትን የፕላስቲክ ዓይነት ጠይቁ። አንዱ ቀለበት ከክዳኑ በላይ፣ አንዱ ከክዳኑ በታች ሆኖ ክዳኑን መሀል ይነክሰዋል። ሙጫ አያስፈልግም። ደግሞም አናቱ ላይ ገመዱን የሚይዝ ትንሽ ብሎን እንዳለው እዩ። ብሎኑ ገመዱን አንቆ ካልያዘው ክብደቱ በሙሉ የሽቦዎቹ ጫፍ ላይ ያርፋል፣ አንድ ቀን ይነቀላሉ።

መያዣውን ክዳኑ ላይ አስቀምጡና ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምሩ። የኔ 4 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ክዳኑን ቁራጭ እንጨት ላይ ደፍታችሁ በመስመሩ ውስጥ ጠርዝ ጠርዙን በሚስማር ብሱት፣ ቀዳዳዎቹ ተጠጋግተው ይሂዱ። ከዚያ በቆርቆሮ መቀስ አገናኟቸው። ጠርዙ ምላጭ ይሆናል። ጓንት አድርጉ። እኔ አላደረግኩም፤ አውራ ጣቴ ላይ እስካሁን ምልክቱ አለ። በሊማ እስኪለሰልስ ሞርዱት። የቀረው የክዳኑ ክፍል ላይ አምስት ስድስት ትናንሽ ቀዳዳ ብሱ። ይህን አትዝለሉት። ኤልኢዲም ሙቀት ይጠላል፤ ውስጡ ያለው ትንሽ ሰርኪዩት አንገቱ ላይ ነው፣ አንገቱ ደግሞ ልክ ከክዳኑ ሥር ይውላል። የታፈነ አምፖል ካርቶኑ ላይ የተጻፈለትን ዕድሜ አይደርስም።

የኤሌክትሪኩን ነገር ብቻዬን አልደፈርኩም። አጎቴን ጠራሁ። ጋሼ ዕድሜውን ሙሉ ሽቦ ሲዘረጋ የኖረ ሰው ነው፣ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ገና ከመግባቱ "ማጥፊያውን አጥፍቼዋለሁ ጋሼ፣ መንካት ይቻላል" አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። ቴስተሩን አወጣና መጀመሪያ የሚሠራ ሶኬት ውስጥ ከተተው። በራ። "ይሄን የማደርገው ቴስተሩ ራሱ ሞቶ እንዳያታልለኝ ነው" አለ። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥቶ የጣሪያውን ሽቦ ነካ። በራ።

ማጥፊያው ጠፍቷል፣ ሽቦው ግን ሕያው ነው። ቤቱን የዘረጋው ሰው ማጥፊያውን ኤሌክትሪኩን በሚያመጣው ሽቦ (በፌዙ) ፈንታ በሚመልሰው ሽቦ (በኒውትራሉ) ላይ አስሮታል። አምፖሉ ይጠፋል፣ 220 ቮልቱ ግን ጣሪያው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ስድስት ዓመት አምፖል ስቀይር የኖርኩት በዕድል ነው። ጋሼ የቤቱን ኤሌክትሪክ ከምንጩ የሚቆርጠውን ብሬከር አውርዶ መጀመሪያ እሱን አስተካከለ። እናንተም ብሬከሩን ሳታወርዱና በቴስተር ሳታረጋግጡ እንዳትነኩ። "መብራት ሄዷል፣ በዚያው ቶሎ ልሥራው" የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ ደግሞ ተዉት። ሲሄድ አይነግረንም፣ ሲመጣም አይነግረንም።

ገመዱ ባለ ሦስት ሽቦ፣ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ቡናማው ፌዝ፣ ሰማያዊው ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫው የመሬት ሽቦ ነው። የድሮ ቤት ውስጥ ግን ቀለሙን አትመኑ፣ ቴስተሩን እመኑ። ፌዙ መያዣው ውስጥ መሀል ታች ካለችው ምላስ ጋር ይታሰራል፣ ኒውትራሉ ከጥምዙ ጎን ጋር። አምፖል ስትቀይሩ ጣታችሁ የሚነካው ጥምዙን ስለሆነ ነው። ክዳኑ ብረት በመሆኑ ጋሼ የመሬቱን ሽቦ በትንሽ ብሎን ከክዳኑ ጋር አሰረው፣ ቦታውን ቀድሞ ቀለሙን ፍቆ። ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ጣሪያችሁ ላይ የመሬት ሽቦ ከሌለ ኤሌክትሪሺያን ሳያየው የብረት ክዳን እንዳትሰቅሉ።

ሦስቱ መብራቶች ጎን ለጎን ነው የሚታሰሩት። ቡናማዎቹ ሁሉ አንድ ላይ፣ ሰማያዊዎቹ ሁሉ አንድ ላይ፣ በሞርሴቶ፣ ማለትም ሽቦዎችን በብሎን በሚይዘው ትንሽ ማያያዣ። አንዱን ከአንዱ አስከትላችሁ ከቀጠላችሁ ወይ ይፈዛሉ ወይ ጭራሽ አይበሩም። ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ጋሼ ዘንድ ነውር ነው፤ "ናስትሮው ሲደርቅ ይለቃል" ይላል።

ጣሪያው ላይ ያለው ቀዳዳ አንድ ነው፣ መብራቱ ሦስት። ከአሮጌ አልጋ የተረፈ 90 ሴንቲ ሜትር ጣውላ ነበረኝ። ሦስት ቦታ በሳሁት፣ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ። ማያያዣዎቹ በትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ጣውላው ላይ ተደበቁ። ጣውላው በሁለት ፊሸርና ብሎን ኮንክሪቱ ላይ ታሰረ። በትራፓኖ ስትበሱ ከጣሪያው ሣጥን ወደ ማጥፊያው በሚሄደው አቅጣጫ አትብሱ፤ ሽቦው በኮንክሪቱ ውስጥ በዚያ መስመር ሊያልፍ ይችላል።

ከፍታውን ከጠረጴዛው እስከ ብልቃጡ ቂጥ 75 ሴንቲ ሜትር አደረግኩት። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ፊት አይጋረድም፣ ዓይንም አይወጋም። ያላሰብኩት የፋሲካን ቀን ነው። ጠረጴዛው ተነስቶ ቄጠማ ሲጎዘጎዝ ብልቃጦቹ ግንባር ላይ ቀሩ። የጎረቤቴ ልጅ ሁለቴ ተላተመ፣ እንግዶቼ በሙሉ ጎንበስ ብለው ሲያልፉ ቤቴ ቤተ ክርስቲያን መሰለ። አሁን ጣውላው ጎን ላይ ሦስት ሜንጦ አለ፤ ለበዓል ገመዱን ሰብስቤ እሰቅለዋለሁ።

ማስጌጡ የራሳችሁ ነው። ብርጭቆውን ቀለም ባትቀቡት እመክራለሁ፣ እኔ አንዱን ቀብቼ መልሼ ፋቅኩት። የሚያስቀይመው ክዳኑ ነበር፤ የማሩ ማስታወቂያ ታትሞበታል። እናቴ በስንደዶና በአለላ ቀለበት ሰፋችልኝ፣ ልክ እንደ ሌማት ጠርዝ፣ ክዳኑን ዙሪያውን የሚያለብስ። ከላይ ያሉትን ቀዳዳዎች እንዳይደፍን ብቻ ነገርኳት። ቤቴ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነው።

ከምድጃው ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉ። የኔ አንዱ ቀረብ ስላለ የቁሌት ጭስ ይጠጣል፣ በወር አንዴ ዘይት ዘይት ይላል። አጥፍቼ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ፣ ብልቃጡን ብቻ ፈትቼ አጥባለሁ። ባለፈው ሳምንት አጥቤ እንዲደርቅ ደፍቼው ሥራ ሄድኩ። እናቴ መጥታ ነበር። ማታ ስመለስ ሁለት መብራት ተንጠልጥሎ ጠበቀኝ። ሦስተኛው ብልቃጥ መደርደሪያው ላይ ነው፣ ሽሮ ሞልቶ።