ለእነዋሪ መረሬ መሬት የአኳክሮፕን ስሌት የሚማር ሞዴል አሠራር

አኳክሮፕ (ምርት ከውሃ፣ ከአፈርና ከአየር ጠባይ ተነስቶ የሚያሰላ የፋኦ ፕሮግራም) የአንድ ወቅት ስንዴ ለማስላት ከጥቂት ሰከንድ በላይ አይፈጅበትም። እነዋሪ ያለችበትን የሞረትና ጅሩ ወረዳ መረሬ (ጥቁር ሸክላ አፈር) ማሳ ሁሉ በየዘር ቀኑና በየአፈሩ አይነት ላስላ ሲሉ ግን ስሌቱ ሚሊዮን ይገባል። መፍትሔው አኳክሮፕን ሁለት ሺህ ጊዜ ያህል አሂዶ፣ ከውጤቱ የሚማር ሞዴል መሥራት ነው።

የሚለዋወጡትን ነገሮች አምስት ላይ ገድቡ፦ የዘር ቀን፣ የመጠውለጊያ ነጥብ (ተክሉ ከአፈሩ ውሃ መሳብ የሚያቅተው የእርጥበት መጠን)፣ በእሱና በፊልድ ካፓሲቲ (ትርፉ ውሃ ከሰረገ በኋላ አፈሩ ይዞት የሚቀረው እርጥበት) መካከል ያለው ልዩነት፣ አፈሩ ውሃ የሚያሰርግበት ፍጥነት፣ በዘር ጊዜ ያለው እርጥበት። ልዩነቱን የምንወስደው ፊልድ ካፓሲቲ ከመጠውለጊያው በታች ወርዶ ስሌቱ እንዳይበላሽ ነው። የማስረጊያውን ፍጥነት በቀን ከ2 እስከ 35 ሚሊሜትር፣ በሎጋሪዝም ሚዛን ውሰዱ፤ በተራ ሚዛን ከወሰዳችሁ ውሃ የሚተኛበት መሬት ናሙና አይደርሰውም፤ መረሬ ደግሞ ዋናው ጣጣው እሱው ነው።

የዘር ቀኑ ከሰኔ 15 እስከ ነሐሴ 10 ይሁን፤ በፈረንጆቹ ከጁን 22 እስከ ኦገስት 16 ማለት ነው። ሐምሌ 1ን ጁላይ 1 ብሎ ማስገባት ሰባት ቀን ያዛባል (ትክክሉ ጁላይ 8 ነው)፤ ፕሮግራሙም ስህተት አለ አይላችሁም።

በላቲን ሃይፐርኪዩብ (ናሙናው የእያንዳንዱን ግብዓት ወሰን በእኩል እንዲሸፍን የሚያደርግ ዘዴ) የአምስቱን ነገሮች 80 ጥምር አውጡና እያንዳንዱን በ25 ዓመት የአየር መዝገብ አሂዱ፤ 2,000 ውጤት ይሆናል። የየቀኑን ዝናብ እንዳለ ለሞዴሉ አትስጡ። ከዘር በኋላ ያሉትን አራት ወራት በየ30 ቀኑ ደምሩት፣ ረጅሙን የደረቅ ቀናት ብዛትም ጨምሩ።

ለዚህ መጠን ጋውሲያን ፕሮሰስ የተባለው የሚማር ሞዴል ይመቻል፤ ከግምቱ ጋር የጥርጣሬውን ስፋት ይሰጣል። በ2,000 ነጥብ፣ እያንዳንዱን ነጥብ ከሌላው ጋር የሚያነጻጽርበት ሠንጠረዥ (ማትሪክስ) 32 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ በ40,000 ግን ወደ 13 ጊጋባይት ይጠጋል፣ ያኔ ወደ ሌላ ዘዴ መሄድ ግድ ነው። ግብዓቶቹን ሁሉ ወደ አንድ ሚዛን አምጡ። አኳክሮፕ ለአንድ ግብዓት ሁሌም አንድ መልስ ስለሚሰጥ የኖይዝ ክፍሉን (ግብዓቶቹ የማያስረዱትን የውጤት መዋዠቅ የሚይዘውን) ከሞዴሉ የሚያወጡ አሉ፤ ይህ እዚህ አይሠራም። ዝናቡን ስናጠቃልል ዝርዝሩን ጥለናልና፣ ተመሳሳይ ድምር ያላቸው ሁለት ዓመታት የተለያየ ምርት ይሰጣሉ።

ብዙው ሰው የሚሳሳተው ፈተናው ላይ ነው። 2,000ውን ረድፍ በዘፈቀደ ብትከፍሉ የአንድ ዓመት ዝናብ በመማሪያውም በመፈተኛውም ይገባል፤ ሞዴሉ ዓመቱን ሸምድዶ ጎበዝ ይመስላል። አምስት ዓመት ሙሉ በሙሉ ለይታችሁ አስቀምጡ፣ በእነሱ ብቻ ፈትኑት። 95 በመቶ ያለው የጥርጣሬ ክልል ከመቶ መልሶች 95 ያህሉን ካልያዘ፣ ጥርጣሬ በሰፋበት ቦታ 100 ስሌት ጨምሩና እንደገና አሠልጥኑ። ብዙ ጊዜ የሚሰፋው ሥሩ አየር አጥቶ ምርቱ ድንገት በሚወርድበት ጠርዝ ላይ ነው።

ሞዴሉ የሚያውቀው አኳክሮፕ የሚያውቀውን ብቻ ነው። አኳክሮፕ ውሃን ወደ ላይና ወደ ታች እንጂ ወደ ጎን አያሰላም፤ ስለዚህ በቢቢኤም (ሰፊ መደብና ቦይ በሚያወጣው የእርሻ መሣሪያ) የወጣ ቦይ ውሃውን ምን ያህል እንደሚያጠነፍፍ ከዚህ ሞዴል አትጠይቁ። ዋግም (የስንዴ በሽታው) ስሌቱ ውስጥ የለም። ከተማረበት ወሰን የወጣ ማሳ ሲመጣ ደግሞ ግምቱን ትታችሁ አኳክሮፕን ራሱን አሂዱ።