የፊት ሲቪ አክስል ሲቀየር ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች፦ ከፕራዶ እስከ ሃይሉክስ

አዲስ የተገጠመ ሲቪ አክስል (ከዲፈረንሻል ወደ ፊት ጎማ ኃይል የሚያደርሰው፣ በሁለት ጫፉ የሚታጠፍ ጆይንት ያለው ዘንግ) ብዙም ሳይቆይ እንደገና መንኳኳት ሲጀምር ጥፋቱ ሁሉ በዕቃው ላይ ይላከካል። ገበያው ላይ ደካማ ዕቃ መሙላቱ እውነት ነው። ሆኖም ተመልሶ የመጣው መኪና ሲፈታ በአብዛኛው የሚገኘው የአገጣጠም ጥፋት ነው፦ በሽቦ የታሰረ የጆይንት መሸፈኛ ላስቲክ፣ በልኩ ያልጠበቀ ዳዶ፣ ቦታው ላይ ያልተቀመጠ መቆለፊያ ቀለበት።

ከዚህ በታች ያሉት ልኮች የፕራዶ 120 (እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2009 የተመረተው) ናቸው። ሃይሉክስ ቪጎና ፎርቹነርም በአሠራር ስለሚቀራረቡ አብዛኛው ምክር ይሠራላቸዋል፤ የማጥበቂያ ልኩን ግን ከየራሳቸው መመሪያ ይውሰዱ። ላንድክሩዘር 76፣ 78 እና 79 እዚህ ውስጥ አይገቡም። የእነሱ የፊት አክስል ድፍን ነው፤ ጆይንቱም ላስቲክ የለበሰ ሳይሆን መሪው በሚታጠፍበት ክብ ቤት ውስጥ በግሪስ ተሞልቶ የሚቀመጥ ስለሆነ ጥገናው ሌላ ሥራ ነው።

ድምፁን ሳይለዩ አክስል መግዛት

መሪው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ ቀስ ብሎ ነዳጅ ሲሰጥ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ከመጣ የውጪው (በጎማው በኩል ያለው) ጆይንት ነው፤ ወደ ግራ ሲታጠፉ ከጮኸ ብዙ ጊዜ የቀኙ፣ ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ከሆነ የግራው። ቀጥ ባለ መንገድ ነዳጅ ሲሰጥ ተንቀጥቅጦ እግር ሲነሳ የሚተወው ደግሞ የውስጠኛው (በዲፈረንሻሉ በኩል ያለው) ነው። ሳያቋርጥ የሚያጉረመርምና ከፍጥነት ጋር የሚጨምር ድምፅ የጎማው ኩሽኔታ ነው። ጉድጓድ ላይ ብቻ የሚያንኳኳ ከሆነ ቦል ጆይንቱንና ጎሚኒዎቹን አስቀድመው ይፈትሹ።

ጎማውን አንሥተው ዘንጉን በእጅ ሲይዙት የውስጠኛው ጆይንት ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይንሸራተታል። ይህን አይተው «አልቋል» የሚሉ አሉ። መንሸራተቱ ጤንነቱ ነው፤ ጎማው ከስፕሪንጉ ጋር ወደ ላይና ወደ ታች ሲል የዘንጉ ርዝመት የሚስተካከለው በዚያ ነው። በእጅ የሚቆለፍ ሃብ (ጎማው የሚታሰርበት መሃል ክፍል) ያላቸው ሃይሉክሶች ላይ ደግሞ ሃብ ተፈትቶ የሚደረግ ሙከራ ዋጋ የለውም፤ ዘንጉ ስለማይዞር ድምፅ አይሰማም። ሃብ ቆልፈው፣ የፊት ጎማዎቹን ኃይል አገናኝተው፣ አፈር ላይ ይሞክሩት።

ላስቲኩ ሲቀደድ ዝም ብሎ፣ ሲጮህ ላስቲክ መቀየር

ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ላስቲኩ ተቀድዶ ጆይንቱ ገና ዝም ካለ ማዳን ይቻላል፤ መጮህ ከጀመረ ግን አዲስ ላስቲክና አዲስ ግሪስ ለሻጩ ብቻ ነው የሚጠቅመው። ኳሶቹ የሚሮጡበት ቦይ አንዴ ጉድጓድ ካወጣ ግሪስ አይሞላውም።

የተቀደደ ላስቲክ የሚታወቀው በጎማው ውስጠኛ ገጽና በላይኛው ክንድ ላይ በተረጨ ጥቁር ግሪስ ነው። ከእሱ ትንሽ በጣት ይውሰዱና ይሹት። እንደ ቅቤ ከለሰለሰ ጆይንቱን አውጥቶ፣ አጥቦ፣ ላስቲክ ቀይሮ መመለስ ያዋጣል። አሸዋ ከተሰማ ወይም ውሃ ቀላቅሎ ከነጣ አክስሉን ለመቀየር ይዘጋጁ። የአፋር በረሃ አቧራና የረጋው የኤርታ አሌ ላቫ ላስቲክ ላይ ጨካኞች ስለሆኑ ከዚያ የተመለሰ መኪና ሥሩ ሳይታይ አይቁም።

ተሰንጥቆ የሚመጣውና በማጣበቂያ የሚዘጋው ላስቲክ መንገድ ላይ ለመውጣት እንጂ ለዘላቂ ሥራ አይሆንም። ቶዮታ ላይ የውጪው ጆይንት ስለማይፈታ የውጪው ላስቲክ የሚገባው የውስጠኛው ጆይንት ተፈትቶ በዚያ በኩል ነው። ስንጥቁ የተፈለሰፈው ይህን ሥራ ለመሸሽ ነው።

ሳያስተያዩ መግዛት

አሮጌውን ሳይይዙ ሶማሌ ተራ (የአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ) አይሂዱ። ሁለቱን ባንኮ ላይ አጋድመው የሁለቱንም ጫፍ ጥርስ ይቁጠሩ፤ ርዝመቱን፣ የዳዶውን ጥርስና ኦይል ሲሉ (ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋው ቀለበት) የሚቀመጥበትን ልሙጥ አንገት ያስተያዩ። አንገቱ ከጫረ ወይም ከቀጠነ ዘይት ያፈሳል። አሮጌው ኦርጅናል ሆኖ ጆይንቶቹ ጤነኛ ከሆኑ ርካሽ አዲስ ከመግዛት ይልቅ ለእሱ ኦርጅናል ላስቲክ መግዛት ይመረጣል።

ዳዶውን መኪናው ከተነሣ በኋላ መፍታት

የሃቡ ዳዶ 35 ሚሊሜትር ቡሶላ ይወስዳል፤ የተጠበቀውም በ235 ኒውተን ሜትር ነው። መኪናው ክሪክ ላይ ሆኖ በረጅም ቱቦ ሲታገሉት መኪናው ይንሸራተታል። መጀመሪያ መኪናው መሬት ላይ እንዳለ የአቧራ ክዳኑን ያውልቁ፣ የሽቦ ፒኑን ቀጥ አድርገው ያውጡ፣ መቆለፊያ ቆቡን ያንሡ፣ ረዳት ፍሬን ይዞ ዳዶውን ያላሉት። ዳዶው ከላላ በኋላ መኪናው አንዲት ክንድ እንኳ መገፋት የለበትም፤ ኩሽኔታውን ጨብጦ የያዘው ያ ዳዶ ስለሆነ በላላ ዳዶ ክብደት ተሸክሞ የዞረ ኩሽኔታ ይጎዳል። ከዚያ ያንሡ፣ የኋላ ጎማ ላይ ድንጋይ ያድርጉ፣ ሻሲው ሥር ቋሚ መደገፊያ ያስገቡ። ፕራዶው ሁሌም በአራት ጎማ የሚነዳ ዓይነት ከሆነ አንድ ጎማ ተነሥቶ ሞተር አስነሥቶ ማርሽ ማስገባት ከክሪክ ያስወርደዋል።

የዘንጉን ጫፍ በብረት መዶሻ መምታት

ጥርሱ ጠፍጥፎ ዳዶ አልገባ ይላል። ዳዶውን ከጫፉ ጋር እኩል እስኪሆን መልሰው አጥልቀው በእንጨት ወይም በነሐስ ይምቱ። እምቢ ካለ መግፊያ ይጠቀሙ።

ከውጪ ይዞ መጎተት

ይህ ብዙ ዕቃ የሚያበላሸው ነው። ፕራዶ ላይ የታችኛው ቦል ጆይንት ከጉልበቱ (ሃቡን ከያዘውና ከመሪው ጋር ከሚዞረው ብረት) ጋር የተያዘባቸውን ሁለት ቡሎኖች መፍታት ጉልበቱን ወደ ውጭ ለማዞር ይበቃል፤ ቦል ጆይንቱን ከክንዱ ማላቀቅ አያስፈልግም። የመሪው ቴስቲኒ (የመሪ ዘንጉ ጫፍ) መፈታት አለበት። የፍሬን ካሊፐሩ በሽቦ ይሰቀል እንጂ በፍሬን ቱቦው አይንጠልጠል፤ የኤቢኤስ ሽቦውም ከመያዣዎቹ ይላቀቅ።

የውጪው ጫፍ ከሃብ ሲወጣ ዘንጉን ይዞ ወደ ራስ መጎተት ያጓጓል። ሲጎተት ግን የሚላቀቀው ከዲፈረንሻሉ ሳይሆን ውስጠኛው ጆይንት ከቤቱ ነው፤ ላስቲኩ ይቀደዳል፣ በውስጡ የሚዞሩት ሦስቱ ሮለሮች ከቦታቸው ይወጣሉ። ትክክለኛው በውስጠኛው ጆይንት ቤትና በዲፈረንሻሉ መካከል ሁለት መፈንቀያ በተቃራኒ ጎን አስገብቶ አንዴ ጠንከር አድርጎ መፈንቀል ነው፤ የቀስታ ግፊት ቀለበቱን አያላቅቀውም። ከዚያ በፊት የፊት ዲፈረንሻሉን ዘይት ያፍስሱ። ዘይቱ ወተት መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቷል፤ የትንፋሽ ቱቦውን ሳያዩ አይዝጉ።

ኦይል ሲሉን መቆጠብ፣ ቀለበቱን መርሳት

አክስል ከወጣ ሲሉም ይቀየር፤ ዋጋው ዳግም ከመፍታት ጋር አይወዳደርም። ከንፈሩን ዘይት ይቀቡት፤ ዘንጉን ሲያስገቡ አንድ ሰው ቀጥ አድርጎ ይያዘው፤ ካዘነበለ ጥርሱ ከንፈሩን ይቆርጠዋል።

በውስጠኛው ጫፍ ላይ ያለው ቀለበት አዲስ ይሁን፤ ክፍቱ ወደ ታች ዞሮ ይግባ። ወደ ላይ ከሆነ ቀለበቱ በራሱ ክብደት ወርዶ ከመሃል ስለሚወጣ አልገባም ይላል። ሲገባ ጠቅ ማለቱ ይሰማል ወይም በእጅ ይታወቃል። የጆይንቱን ቤት (ዘንጉን አይደለም) ይዘው ወደ ራስዎ ሳብ ያድርጉት፤ ከወጣ አልተቆለፈም። ያልተቆለፈ አክስል እየተንሸራተተ ወጥቶ ዘይት ሲያፈስ «ሲሉ ፎርጅድ ነው» ይባላል።

ግሪሱና ፋሼታው (የላስቲኩ ማሰሪያ)

የተለመደው የሻሲ ግሪስ ለውጪው ጆይንት አይሆንም። የሚያስፈልገው ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ያለበት ጥቁር ግሪስ ነው። የላስቲክ ኪቱ ሁለት የተለያዩ ከረጢቶች ይዞ ከመጣ አንዱ ለውጪው፣ ሌላው ለውስጠኛው ነው፤ አይቀላቀሉም፤ እያንዳንዱም ሙሉ በሙሉ ይግባ፣ አይጨመርበት። ጆይንቱ በናፍጣ ከታጠበ ጨርሶ ሳይደርቅ ግሪስ አይግባበት፤ የቀረው ናፍጣ ግሪሱን ያቀጥነዋል። የሦስቱን ሮለሮች አቀማመጥ ከመፍታትዎ በፊት በቀለም ምልክት ያድርጉ፤ በመርፌ አይብሱት። ላስቲኩ በጥርሱ ላይ ሲያልፍ እንዳይቆረጥ ጥርሱን በፕላስተር ይጠቅልሉ።

ከመጥበቁ በፊት ዘንጉ መኪና ላይ በሚኖረው ርዝመት ይሁን፤ ከላስቲኩ ጠባብ አፍ ሥር ጫፉ የደነዘ ቀጭን ነገር አስገብተው አየሩን ያስተንፍሱ። አየር የታፈነበት ላስቲክ ያብጣል፣ የተመጠጠው ደግሞ ታጥፎ እርስ በርሱ ይፋጫል። ፋሼታው በራሱ ፒንሳ የሚጨበጥ ዓይነት ይሁን። ሽቦ ላስቲኩን ይቆርጣል፤ የፕላስቲክ ማሰሪያ በሙቀት ይላላል፤ በካቻቪቴ የሚጠብቀው የቱቦ ፋሼታ ራሱ ስለሚያብጥ ሲዞር ሊመታ ይችላል።

በግምት ማጥበቅ

በአየር ሽጉጥ «እስኪጮህ» ማጥበቅ ልክ አይደለም። የሃቡ ዳዶ 235፣ የታችኛው ቦል ጆይንት ቡሎኖች 160፣ የመሪው ቴስቲኒ 91፣ የጎማው ዳዶዎች 112 ኒውተን ሜትር ናቸው። ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያ ልክ የሚያሳይ ቁልፍ) ከጠፋ 1 ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ 24 ኪሎ የሚያህል ጫና 235 ይሆናል። የሃቡ ዳዶ በዚህ ልክ የሚጠብቀው መኪናው መሬት ከነካ በኋላ ነው። የፒኑ ቀዳዳ ካልገጠመ ቆቡን እያዟዟሩ ይሞክሩ፤ ዳዶውን ወደ ኋላ አይመልሱት፣ ጥቂት ይጨምሩበት እንጂ። ፒኑ ሁሌም አዲስ ነው። በመጨረሻ ዲፈረንሻሉ ጂኤል-5 የተባለ ደረጃ ያለው የማርሽ ዘይት ይሞላ፤ መኪናው ለጥ ባለ ቦታ ቆሞ ከመሙያው ቀዳዳ መፍሰስ ሲጀምር በቃ።

ምክንያቱን ሳይነኩ ዕቃ መቀየር

አንድ ጎን ደጋግሞ ከበላ አክስሉ አይደለም። ስፕሪንግ ተቀይሮ ከ5 ሴንቲሜትር በላይ ከፍ የተደረገ መኪና ጆይንቱ ቀን ከሌት ከልክ በላይ ታጥፎ ይሠራል፤ የላስቲኩ እጥፋት እርስ በርሱ ተፋጭቶ ይበሳል። ዲፈረንሻሉን ዝቅ የሚያደርግ ማስቀመጫ ይረዳል፣ ከፍታውን መቀነስ ግን የበለጠ። ከዚያ የሚቀረው የሾፌሩ እግር ነው፦ ጎማ ድንጋይ ውስጥ ተወትፎ፣ መሪ እስከ ጫፍ ተጠምዝዞ፣ በዝግተኛ ማርሽ ነዳጅ መርገጥ። መሪውን መጀመሪያ መልስ ያድርጉ፣ ከዚያ ነዳጅ።

ሜዳ ላይ ሲሰበር አክስሉን ጨርሶ ማውጣት

ዘንጉን አውጥቶ ሃቡን ባዶ አድርጎ መንዳት ኩሽኔታውን ያሳጣል። የተሰበረው የውጪ ጆይንት ጫፍ ወደ ሃቡ ተመልሶ ዳዶው በልኩ ይጥበቅበት፤ ስብርባሪው መሪ ሲጠመዘዝ የሚነካው ነገር እንደሌለ ያረጋግጡ። የውስጠኛውን ጆይንት ቤት ግን ከዲፈረንሻሉ አያውጡ፤ ፋሼታውን ቆርጠው ዘንጉን ብቻ ይሳቡ፣ ቤቱ ዘይቱን ይዞ ይቆያል፤ አፉን በወፍራም ፕላስቲክ አጥብቀው ይሰሩት።

ሃይሉክስ ከሆነ በኋላ ጎማ ብቻ ይነዳሉ፤ በእጅ የሚቆለፍ ሃብ ካለው ሁለቱንም ይፍቱ። ሁሌም በአራት የሚነዳው ፕራዶ ላይ ግን የመሃከለኛው ዲፈረንሻል ካልተቆለፈ የሞተሩ ኃይል ወደ ተሰበረው ጎን ይፈሳል። ቆልፈው ይንዱ። አስፋልት ሲደርሱም አይፍቱት፤ ፊቱ ጉልበት ስለማያስተላልፍ ደረቅ መንገድ ላይ የሚፈራው የማርሽ መወጠር አይኖርም።