የእጅ ሻንጣ ሲዘጋጅ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ ወይም ከለገጣፎ ተነሥቶ ቦሌ ለሚደርስ መንገደኛ የእጅ ሻንጣ ስህተት ይከብዳል። የረሱትን ለማምጣት፣ የተከለከለውን ለመመለስ ቤት ቅርብ አይደለም፤ ሸኚውም ከተርሚናሉ ውጭ ቀርቷል።

የእጅ ሻንጣውን መጨረሻ ላይ መሙላት። የብዙዎቹ ስህተቶች እናት ይህች ናት። ትልቁ ሻንጣ አልዘጋ ሲል የተረፈው ጫማና ሽሮ ሁሉ ወደ ትንሹ ይገፋል፤ መድኃኒቱ ደግሞ ትልቁ ሥር ተቀብሯል። አስቀድሞ የሚሞላው ትንሹ ነው፦ ፓስፖርት፣ መድኃኒት ከነማሸጊያው፣ መነጽር፣ ቻርጀር፣ አንድ ቅያሪ ልብስ። ትልቁ ሻንጣ በማግስቱ ቢደርስ እነዚህ ያቆዩዎታል።

ቅቤና ማርን ከፈሳሽ አለመቁጠር። በፍተሻ ዓይን ማር፣ ቅቤና አዋዜ ከውኃ አይለዩም። እ.ኤ.አ. በ2006 ከእንግሊዝ የሚነሡ አውሮፕላኖችን በፈሳሽ ፈንጂ ለማጋየት የተሸረበ ሴራ ከተደረሰበት ወዲህ፣ በአብዛኞቹ ዓለም አቀፍ በረራዎች በእጅ የሚያዝ ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ ሆኖ፣ ሁሉም በአንድ ሊትር ግልጽ ከረጢት መግባት አለበት። የሚታየው የዕቃው ልክ ነው፤ በግማሽ ሊትር ጠርሙስ ሥር የቀረች ሁለት ማንኪያ ማርም አታልፍም። እናት በሌሊት ተነሥታ ያነጠረችው ቅቤ፣ ኮረሪማውና ኮሰረቱ ገና እየሸተተ፣ የፍተሻው ቅርጫት ውስጥ ሲጣል ማየት ያንገበግባል። ደርበው ጠቅልለው ወደ ትልቁ ሻንጣ ያስገቡት፤ ያውም መዳረሻው ከፈቀደ ነው። የአውሮፓ ኅብረት መንገደኞች ከውጭ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዘው እንዲገቡ አይፈቅድም፤ ስለዚህ ቅቤውም ቋንጣውም ፍራንክፈርት አይገቡም። ወደ አሜሪካ በሚደረግ በረራ ደግሞ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ከተያዘ ተጨማሪ ፍተሻ ይጠብቀዋል፤ ምንነቱ ካልተረጋገጠ ይቀራል። በርበሬዎም ከትልቁ ሻንጣ ጋር ይሂድ።

ያላዩትን አደራ መቀበል። በመሄጃዎ ዋዜማ ጎረቤት አፉ የተሰፋ ከረጢት ይዘው ይመጣሉ፤ «ይህችን ብቻ ለልጄ አድርስልኝ» ይላሉ። እሺ ከማለትዎ በፊት እዚያው ፊታቸው ይፈታ። «እማማ፣ አይቀየሙኝ፤ ፍተሻ ላይ የምጠየቀው እኔ ነኝ» ማለት ነውር የለበትም። የሚቀየሙም ከሆነ ይቀየሙ። ከሻንጣዎ የተገኘው ሁሉ የእርስዎ ነው፤ ይሉኝታ እዚያ አያድንም።

ክብደቱን በእጅ አንሥቶ መገመት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል የሚፈቅደው 7 ኪሎ የሚመዝን አንድ የእጅ ሻንጣ ነው፤ ልኩም 55 በ40 በ23 ሴንቲ ሜትር። ባዶውን ብቻ 3 ኪሎ የሚመዝን ሻንጣ አለ፤ ገና ምንም ሳይገባበት ግማሽ ሊሞላ ነው። ቤት ሚዛን ከሌለ የሰፈሩ ወፍጮ ቤት አለ፤ እህል የሚመዝነው ሚዛን ሻንጣም ይመዝናል። ሲወጡ ዱቄቱን ማራገፍ ብቻ ነው።

መቀስና ቢላዋ እንደማያልፉ ሁሉም ያውቃል፤ ግን ኪስ ውስጥ የተረሳች ትንሽ ሰንጢ አትጠፋም። ኪሶቹን ይፈትሹ።

ፓወር ባንክን በትልቁ ሻንጣ መላክ። ሊቲየም ባትሪ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። መንገደኛ ባለበት ክፍል ከሆነ አስተናጋጆቹ ይደርሱበታል፤ ከወለሉ በታች ባለው የዕቃ ክፍል ግን ማን ያየዋል? ስለዚህ ቦታው የእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው ነው፤ 20,000 ሚሊ አምፒር-ሰዓት የተባለው 74 ዋት-ሰዓት ገደማ ስለሚሆን ያልፋል። ጽሑፉ የለቀቀ ከሆነ ግን ጠያቂ ይበዛበታል። ሌላም ነገር አለ፦ ወደ ጅማ እንደሚበርሩት ባሉ ትንንሽ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች የላይኛው መደርደሪያ ጠባብ ስለሆነ የእጅ ሻንጣዎን መሳፈሪያው ላይ ተቀብለው ከታች ሊጭኑት ይችላሉ። ያን ጊዜ ፓወር ባንኩ አብሮ መውረድ የለበትም። ከፓስፖርቱና ከመድኃኒቱ ጋር በአንዲት ትንሽ ቦርሳ አድርገው ከላይ ካስቀመጡት፣ ሰልፉን ሳያቆሙ ያወጡታል።