ሮለር ኮስተር ሲንኳኳ፦ ያልተለመደ ድምፅ ከየት እንደመጣ በጆሮ እንዴት ይለያል?

ሮለር ኮስተር (በመናፈሻ ውስጥ ከፍ ባለ ሐዲድ ላይ ሽቅብና ቁልቁል የሚሮጥ የመዝናኛ ባቡር) ለመሳፈር ወረፋ ይዛችሁ ቆማችኋል። ባቡሩ ከራሳችሁ በላይ ሲያልፍ ከቅድሙ የተለየ ነገር ሰማችሁ። ድብ፣ ድብ፣ ድብ። አጠገባችሁ ያለው ሰው «ይሄ ነገር ሊወላልቅ ነው እንዴ?» ይላል። ከኋላ ያለው «ኖርማል ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም እየገመቱ ነው። የብረት ሮለር ኮስተር ድምፅ ግን ሥርዓት አለው። ቆም ብሎ ላዳመጠው ሰው ብዙ ይናገራል።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ጥያቄው ላይ ነው። «ድምፁ ምን ይመስላል?» እንላለን። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ድምፁ ማንን ይከተላል?» የሚለው ነው። ከባቡሩ ጋር አብሮ የሚሄድ ድምፅ የባቡሩ ነው። የትኛውም ባቡር ሲያልፍ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚሰማ ድምፅ የሐዲዱ ነው። ጠዋት መጥቶ ረፋድ ላይ የሚጠፋ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሙቀት ወይም ከእርጥበት ነው የሚመጣው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ የዚህ ጥያቄ ዝርዝር ናቸው።

1. መጀመሪያ ጤነኛውን ድምፅ ልመዱ

ባቡሩ ዳገቱን ሲሳብ ቀጭ ቀጭ ቀጭ የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ባቡሩን የሚስበው ካቴና የሚሰቃይ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ካቴናው አይደለም። ከባቡሩ ሥር የተንጠለጠለ የብረት ምላስ አለ። በዳገቱ ላይ ደግሞ እንደ መጋዝ ጥርስ የተደረደረ ብረት ተዘርግቷል። ባቡሩ ሲወጣ ምላሱ ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው ይወድቃል። ካቴናው ድንገት ቢበጠስ ምላሱ በቅርቡ ባለው ጥርስ ላይ ይቀረቀርና ባቡሩን ይይዘዋል፤ ወደ ኋላ መንሸራተት የለም። ብዙ ሰው የሚፈራው ይህ ድምፅ እኔን በጣም ነው የሚያረጋጋኝ።

አንዳንድ አዳዲስ ሮለር ኮስተሮች ላይ ይህ ድምፅ የለም። ምላሱ ባቡሩ ወደ ፊት እስከሄደ ድረስ ከጥርሱ ከፍ ብሎ እንዲቆይ ይደረጋል። ጸጥታው ሲሠራ ጀምሮ የነበረ ከሆነ ችግር የለበትም። ትናንት ቀጭ ቀጭ ይል የነበረው ዛሬ ዝም ካለ፣ ወይም አንዱን ጥርስ እየዘለለ የሚመታ ከሆነ ግን ጆሮ መስጠት ያስፈልጋል። የለመድነው ድምፅ መጥፋቱም ያልተለመደ ነገር ነው። በኬብል የሚሳቡትም አሉ። በአሜሪካ ኦሃዮ ሴዳር ፖይንት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 የተከፈተው ሚሌኒየም ፎርስ በካቴና ፋንታ በኬብል ስለሚሳብ አወጣጡ ለየት ያለ ነው።

ሁለተኛው ጤነኛ ድምፅ ግሳቱ ነው። ብረት ቱቦን ለሐዲድ መጠቀም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 በካሊፎርኒያ ዲዝኒላንድ በተከፈተው ማተርሆርን ላይ ነው። ቱቦ ባዶ ነው። ባዶ ነገር ሲመታ ያስተጋባል፤ ከበሮ ማለት ነው። የአንዳንዶቹ ሐዲድ ደግሞ ከሥሩ እንደ ሣጥን አራት ማዕዘን የሆነ ትልቅ ባዶ አከርካሪ አለው። የስዊዘርላንዱ ቦሊገር ኤንድ ማቢያርድ የሚሠራቸው በዚህ ይታወቃሉ። ባቡሩ በላዩ ሲበር የጎማው ንዝረት ወደዚያ ሣጥን ይገባና ከሩቅ የሚሰማ ጉርምርምታ ሆኖ ይወጣል። ሰፈር ቅርብ ከሆነ አከርካሪውና ምሰሶዎቹ ውስጥ አሸዋ ወይም ጠጠር ይሞላል። ያኔ ንዝረቱ አሸዋው ውስጥ ይሞታል። በአንድ ሮለር ኮስተር ላይ ግማሹ ሐዲድ ሲያገሳ ግማሹ ዝም ካለ፣ አንዱ ክፍል አሸዋ ተሞልቶ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው፣ ጣቢያው አካባቢ የምትሰሙት «ቱስስ» የሚል የአየር ድምፅ ነው። በታመቀ አየር የሚሠሩ ፍሬኖች ሲከፈቱና ሲዘጉ የሚያሰሙት ነው። በብዙዎቹ ላይ ፍሬኑን የሚዘጋው ሞላ ነው፤ አየሩ የሚከፍተው ነው። አየር ቢጠፋ ፍሬኑ ይይዛል እንጂ አይለቅም።

2. አንድ ቦታ ቁሙና ብዙ ባቡር አዳምጡ

አንዴ ሰምቶ መፍረድ አይቻልም። ሐዲዱ ቀረብ የሚልበት፣ ለጎብኚ የተፈቀደ ቦታ ምረጡ። ከአጥሩ ማለፍ ፈጽሞ አይሆንም፤ እዚያ ውስጥ የሚያልፈው ባቡር ሰው ይገድላል። ቢያንስ አምስት ስድስት ባቡር ሲያልፍ ቆዩ። ባቡሮቹ ብዙውን ጊዜ በቀለም ወይም በቁጥር ስለሚለያዩ ልዩነታቸውን ያዙ።

ድምፁ ቀዩ ባቡር ሲያልፍ ብቻ ከተሰማ፣ ችግሩ ቀዩ ባቡር ላይ ነው። ሁሉም ባቡሮች እዚያው ነጥብ ላይ ሲደርሱ ከተሰማ ሐዲዱ ነው። በዚህች ቀላል ማጣሪያ የጥርጣሬያችሁ ግማሹ ይወገዳል።

ባቡሩ ወደ እናንተ ሲመጣ ድምፁ ቀጠን፣ ሲሄድ ወፈር ማለቱ አያሳስባችሁ። የሚሮጥ አምቡላንስ ሳይረንም እንዲሁ ያደርጋል። የድምፅ ሞገድ ጠባይ ነው።

3. ምቱን ቁጠሩ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ ትልቁ ምስጢር ያለው እዚህ ነው።

የሐዲዱ ቁርጥራጮች ጫፍ ለጫፍ ገጥመው በቡሎን ይታሰራሉ። መጋጠሚያው ላይ ትንሽ ደረጃ ካለ ወይም ቡሎኑ ከላላ እያንዳንዱ የጎማ ረድፍ ሲያልፍ ይመታል። 7 ፉርጎ ያለው፣ እያንዳንዱ ፉርጎ ሁለት ረድፍ ጎማ ያለው ባቡር ቢሆን፣ በዚያች ነጥብ ላይ 14 ምት በተከታታይ ትሰማላችሁ። ታታታታታ። ባቡሩ ካለፈ በኋላ ዝም።

አንድ ጎማ ብቻ ከተበላሸ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ምቱ ከዚያ ጎማ ጋር አብሮ ይጓዛል፣ ባቡሩ ሲፈጥን ይፈጥናል፣ ሲዘገይ ይዘገያል። ዲያሜትሩ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎማ አንድ ዙር ሲዞር 94 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። በሰከንድ 20 ሜትር (በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር) ሲሮጥ በሰከንድ ከ20 ጊዜ በላይ ይዞራል። ይህን ጆሮ አይቆጥረውም፤ እንደ ጉርርታ ነው የሚሰማው። ባቡሩ ወደ ጣቢያው በሰከንድ 2 ሜትር ሲገባ ግን ምቱ በሰከንድ ሁለት ይሆናል። ድብ… ድብ… ድብ። ያን ጊዜ መቁጠር ትችላላችሁ። ስለዚህ የጎማ ችግር የጠረጠረ ሰው ቁልቁለቱ ሥር ሳይሆን መጨረሻው ፍሬን አካባቢ ይቁም።

4. ጎማዎቹን እወቁ

አብዛኛው ያልተለመደ ድምፅ የሚመጣው ከጎማ ነው። ስለዚህ አወቃቀሩን ማወቅ ይጠቅማል። በብዙዎቹ የብረት ሮለር ኮስተሮች ላይ ጎማው በሦስት በኩል ሐዲዱን ያቅፈዋል። ከላይ ክብደቱን የሚሸከመው፣ ከጎን መታጠፊያ ላይ የሚይዘው፣ ከታች ደግሞ ባቡሩ ከሐዲዱ ተነስቶ እንዳይበር የሚከለክለው። የታችኛውን ጆን ሚለር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1919 ፓተንት አውጥቶበታል። ጎማው ባብዛኛው ከብረት ወይም ከአሉሚኒየም ቸርኬ ላይ የተጋገረ ፕላስቲክ ነው። ናይለን ጠንካራ ነው፤ በቀላሉ ይሽከረከራል፣ ግን ይጮኻል፣ ንዝረቱም ይበዛል። ፖሊዩሪቴን ለስለስ ይላል፣ ጸጥ ይላል። ስለዚህ የጎማው ዓይነት ሲቀየር ብቻ የአንድ ሮለር ኮስተር ድምፅ በአንድ ሌሊት ሊለወጥ ይችላል። ምንም አልተበላሸም።

ጠዋት የሚሰማው ኩርኩርታ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ሌሊቱን ሙሉ ክብደት ተሸክሞ የቆመ ጎማ ሐዲዱን የነካበት ቦታ ትንሽ ይጠፈጠፋል። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ላይ ጎማው ሲዞር ያ ጠፍጣፋ ቦታ ሐዲዱን እየመታ ይሄዳል። ጎማው ሲሞቅ ቅርጹን ይመልሳል፣ ድምፁም ይጠፋል። መናፈሻዎች ከመክፈታቸው በፊት ባዶ ባቡር ደጋግመው የሚያሽከረክሩበት አንዱ ጥቅም ይህ ነው።

ከሰዓት በኋላም የማይጠፋ ምት ሲሆን ጉዳዩ ሌላ ነው። ፕላስቲኩ ከቸርኬው ላይ መላቀቅ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ፍጥነትና ጭነት ሲደጋገም ፕላስቲኩ እየታጠፈ ከውስጥ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ማጣበቂያውን ያደክመዋል። በመጨረሻ ቁራጭ ይገነጠላል። ያኔ ምቱ ጠንካራና ያልተስተካከለ ይሆናል፤ የተቀመጠውም ሰው በወንበሩ ይሰማዋል። ይህ ሳይዘገይ ለሠራተኛ የሚነገር ነው።

ኮረብታ ጫፍ ላይ ሰውነታችሁ ከወንበር ሲነሳ ከታች አጭር ሲጢጥታ ወይም «ጠቅ» ከሰማችሁ አትደንግጡ። የታችኞቹ ጎማዎች ብዙ ጊዜ ሐዲዱን አይነኩም፤ ትንሽ ክፍተት አላቸው። ባቡሩ ሊነሳ ሲል ድንገት ይነኩና ከቆሙበት ወደ ሙሉ ፍጥነት ይሽከረከራሉ። የአውሮፕላን ጎማ ሲያርፍ እንደሚጮኸው ነው።

5. ኩሽኔታውን ከጎማው ለዩ

የተበላሸ ጎማ ይመታል። የደከመ ኩሽኔታ ግን አይመታም፣ ይፈጫል። ያለማቋረጥ «ግርርር» ይላል፤ ግራሶው ካለቀ ደግሞ ወደ ቀጭን ፉጨት ይለወጣል። ሁለቱም ከባቡሩ ጋር ይሄዳሉ፣ ሁለቱም ከፍጥነት ጋር ይጨምራሉ። ልዩነቱ ምት መኖሩና አለመኖሩ ነው።

6. አየሩን ጠይቁ

ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። 100 ሜትር የብረት ሐዲድ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢጨምር ወደ 3.6 ሴንቲ ሜትር ይለጠጣል። ይህን መንቀሳቀስ የሚችሉ መገጣጠሚያዎችና ምሰሶዎች አብረው ይሸከማሉ። ስለዚህ ፀሐይ ሐዲዱን ስትመታው ባቡር ሳያልፍ እንኳ «ጧ» የሚል ድምፅ ልትሰሙ ትችላላችሁ። ዝናብ ሲጥል ደግሞ የጎማው ድምፅ ይለወጣል፣ በሰበቃ የሚሠሩ ፍሬኖችም ሲጢጥ ይላሉ።

7. ፍሬንና ማስወንጨፊያ

ማግኔት ፍሬን ምንም ነገር አይነካም። የብረት ዝርግ በማግኔቶች መሃል ሲያልፍ በውስጡ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ ያ ደግሞ ባቡሩን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ስለዚህ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። እዚያ ቦታ ብረት ብረትን ሲፍቅ ከሰማችሁ ዝርጉ ተጣሟል ወይም አቀማመጡ ተዛብቷል ማለት ሊሆን ስለሚችል ቀላል አትበሉት። ማግኔት ብቻውን ባቡሩን ሙሉ በሙሉ ስለማያቆም በመጨረሻ የሚይዘው ሌላ ፍሬን ወይም የሚሽከረከር ጎማ ነው። የሲጢጥታው ምንጭ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚወነጨፉት ደግሞ ሲነሱ «እምምም» ብለው ድምፃቸው እየቀጠነ ይወጣል። ባቡሩ በፈጠነ ቁጥር ወደ ማግኔቶቹ የሚላከው ኤሌክትሪክም ፈጠን ብሎ ስለሚቀያየር ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ፍላይት ኦፍ ፊር የተባለው የአሜሪካ ሮለር ኮስተር በዚህ መንገድ ከተወነጨፈ ወዲህ ይህ ድምፅ የተለመደ ሆኗል። በአቡዳቢ ፌራሪ ወርልድ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር የሚደርሰው ፎርሙላ ሮሳ ግን በሃይድሮሊክ (በፈሳሽ ግፊት) ኃይል በሚጎተት ኬብል የሚወነጨፍ ነው። የኬብል መጠቅለያና የፓምፕ ድምፅ እዚያ ጤነኛ ነው።

8. ከጠረጠራችሁ ተናገሩ

በጆሮ ምርመራ መጨረስ አይቻልም። የብየዳ ስንጥቅ ድምፅ ላያሰማ ይችላል። መካኒኮች በአልትራሳውንድና በማግኔት ዱቄት የሚመረምሩት ለዚህ ነው። የጎብኚ ዓይንና ጆሮ ግን ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በጁን 30 ቀን 2023 በአሜሪካ ካሮዊንድስ መናፈሻ ፉሪ 325 የተባለው ሮለር ኮስተር አንድ ምሰሶው ተሰንጥቆ፣ ባቡሩ ሲያልፍ ሲላቀቅ ያየው ጎብኚ ነው። ሮለር ኮስተሩ በዚያው ቀን ተዘጋ። ምሰሶው ከተቀየረና ከተፈተነ በኋላ ነው የተከፈተው።

«የሆነ ነገር ይንኳኳል» ብቻ ብትሉ ግን ሠራተኛው የሚይዘው ነገር አያገኝም። የትኛው ባቡር፣ የትኛው ፉርጎ፣ በየትኛው ጎን፣ የት ቦታ፣ ምት ነው ወይስ ፍጭት፣ ስንት ሰዓት ላይ የሚለውን ንገሩት። «ቀዩ ባቡር፣ ሦስተኛው ፉርጎ፣ በግራ በኩል፣ ወደ ጣቢያው ሲገባ በእያንዳንዱ የጎማ ዙር ድብ ይላል» ካላችሁት፣ መካኒኩ በቀጥታ ወደዚያ ጎማ ይሄዳል።