2147483647ን «ፕራይም አይደለም» የሚል ኮድ አታምጡብኝ

ፕሮግራሚንግ የጀመረ ሁሉ አንድ ቀን ፕራይም ቁጥር (ከ1 የሚበልጥ፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለው) የሚለይ ኮድ ይጽፋል። ይጻፍ፣ ደስ ይለኛል። የሚያንገበግበኝ በ7፣ በ13 እና በ97 ሞክሮ «ይሠራል» ማለቱ ነው።

እስቲ 2147483647ን ስጡት። 2 ርቢ 31 ሲቀነስ 1 ማለት ነው። የሒሳብ ሊቁ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1772 ፕራይም መሆኑን ሲያሳይ፣ አካፋይ ቢኖረው ለ248 ተካፍሎ 1 ወይም 63 እንደሚተርፈው ስላወቀ መፈተሽ የነበረበት የቁጥሮች ብዛት ከ400 ያነሰ ነበር። በጃቫ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ደግሞ ኢንት (ባለ 32 ቢት የሙሉ ቁጥር ዓይነት) የሚይዘው ትልቁ ቁጥር ይኸው ነው፤ ጣጣውም እዚህ ላይ ይጀምራል። ሉፓችሁ (አካፋዮችን አንድ በአንድ የሚሞክረው ድግግሞሽ) «አካፋዩ በራሱ ሲባዛ ከቁጥሩ እስካልበለጠ ቀጥል» ይላል። 46340 ላይ ሥራው አልቋል። 46341 በራሱ ሲባዛ ግን 2147488281 ይሆንና ኢንት ውስጥ አልገባ ይላል፤ ተገልብጦ -2147479015 ይሆናል። ኔጌቲቭ ስለሆነ «አልበለጠም» ተብሎ ይቀጥላል። ደግሞም ይህ ሁኔታ መቼም አያስቆመውም፤ ከኢንት ጣሪያ የሚበልጥ ኢንት ከየት ይመጣል? ሁለት ቢሊዮን ጊዜ ሲያካፍል ቆይቶ ራሱ 2147483647 ላይ ይደርሳል፣ ቁጥሩ ለራሱ ያለ ቀሪ ይካፈላል፣ «ፕራይም አይደለም» ብሎ ቁጭ! ከዚያ «ላፕቶፔ ቀርፋፋ ነው» ትሉኛላችሁ። ላፕቶፑ ምን በደለ? ወይ ከኢንት የሚበልጥ ቁጥር የሚይዘውን ሎንግ ተጠቀሙ፣ ወይ ማባዛቱን ትታችሁ ቁጥሩን ለአካፋዩ አካፍሉና ድርሻውን ከአካፋዩ ጋር አወዳድሩ።

1 ፕራይም አይደለም። ጨርሰናል።

ኤክሴል ላይ ትልቅ ፕራይም አታስቀምጡ። 15 አሃዝ ብቻ ስለሚይዝ 2305843009213693951ን 2305843009213690000 ያደርገዋል። በዜሮ የሚያልቅ ፕራይም አይታችሁ ታውቃላችሁ?

«ርቢው ፕራይም ከሆነ 2 ርቢ እሱ ሲቀነስ 1ም ፕራይም ነው» የሚለውን ደግሞ 2 ርቢ 11 ሲቀነስ 1 ያፈርሰዋል፤ 2047 ማለት 23 ሲባዛ በ89 ነው። በዚህ ግን አልቆጣም። እንዲህ ያሉ ፕራይሞች በስሙ የሚጠሩለት ሜርሴን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1644 በርቢዎች ዝርዝሩ ውስጥ 67ን አስገብቶ ተሳስቷል፤ የ2 ርቢ 67 ሲቀነስ 1 አካፋዮችን 193707721ን እና 761838257287ን የሒሳብ ሊቁ ኮል ያወጣቸው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው።

ትንሽ ያነበቡት ደግሞ የፌርማን ፈተና ይዘው ይመጣሉ፤ መፈተኛው ቁጥር ርቢ (ተፈታኙ ሲቀነስ 1) ለተፈታኙ ተካፍሎ 1 ከተረፈ «አለፈ» ይባላል። 341 በ2 ሲፈተን ያልፋል፤ 11 ሲባዛ በ31 ሆኖ ሳለ! በ3 ብትፈትኑት ይያዛል። 561 ግን ፕራይም ሳይሆን ከእሱ ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ በሌለው በማንኛውም ቁጥር ብትፈትኑት ያልፋል። ከፌርማ የጠበቀውን የሚለር-ራቢን ፈተና ተጠቀሙ፤ ለ64 ቢት ቁጥር ከ2 እስከ 37 ባሉት 12 ፕራይሞች መፈተን አስተማማኝ መልስ ይሰጣል።

እ.ኤ.አ. በ2024፣ 41,024,320 አሃዝ ያለው ፕራይም ሲገኝ «ይሄንን ለኢንክሪፕሽን (መረጃ በሚስጥር ለመቆለፍ) ቁልፍ ባደርገውስ?» ያለኝ ነበር። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ቁጥር ምን ሚስጥር ይጠብቃል? አርኤስኤ ለተባለው የኢንክሪፕሽን ዘዴ 2048 ቢት ቁልፍ ከ300 በላይ አሃዝ ያላቸው ሁለት ፕራይሞች ይበቃሉ፤ በዘፈቀደ ይመረጡ እንጂ።