ብረት ማንሳት ለዕድሜ ልክ፦ በድሬዳዋና በሐረር ለሚጀምሩ

ብረት ማንሳት የጀመረ ሰው ቶሎ የሚያቋርጠው ባብዛኛው ተጎድቶ ነው፤ ጉዳቱን የሚያመጣው ደግሞ ችኮላ ነው። ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ይበረታል፤ ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት ግን ወራት ይፈጅበታል። በሁለተኛው ወር ክብደቱ ቀሎ ይታያል፣ ትከሻና ክርን ግን ለጭማሪ ገና አልደረሱም። ስለዚህ እስከ እርጅና ለመሥራት ያሰበ ሰው የመጀመሪያዎቹን 6 ወራት ሆን ብሎ ከአቅሙ በታች ይሥራ። ከዚህ በታች ካለው ሁሉ የሚበልጠው ምክር ይህ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ደም ግፊታችሁን ተለኩ። ግፊት፣ የልብ ሕመም ወይም እበጥ (ቡአ) ያለበት ሰው መጀመሪያ ሐኪም ያማክር።

ቀጥሎ ሰዓት ምረጡ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ስለሆነች፣ ከቀትር በኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መሥራት ልብን ያለ ጥቅም ያደክማል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ድረስ ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላል። ከመግባታችሁ በፊት ግማሽ ሊትር ውኃ ጠጡ። ከሥራው በፊትና በኋላ ተመዘኑ፤ የጎደለው 1 ኪሎ ከሆነ በቀጣዮቹ ሰዓታት 1 ሊትር ተኩል ያህል ጠጡ፣ ምግባችሁም ጨው አይጉደልበት። ሐረር ላይ ችግሩ ሌላ ነው፤ ጠዋት ስለሚበርድ ማሟሟቂያውን ከ5 ደቂቃ ወደ 10 ከፍ አድርጉት።

ስለ ጫት በግልጽ እንናገር፦ ምርቃና ላይ ሆኖ ብረት ማንሳት አደገኛ ነው። ጫት የልብ ምትንና ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ድካምን ይደብቃል፤ ከባድ ክብደትም በራሱ ግፊት ይጨምራል። ሁለቱ ሲደራረቡ ማቆም ያለባችሁ ቦታ አይታወቃችሁም። ደግሞም ጫት የምግብ ፍላጎትንና እንቅልፍን ይዘጋል፤ ጡንቻ የሚገነባው ግን በምግብና በእንቅልፍ ነው። በርጫ የሚቀመጥ ሰው ስፖርቱን ጠዋት ይጨርስ፤ በቃመበት ማታ ጂም አይግባ።

የሰፈር ጂም ዲስኮች (ባር በሚባለው ረጅም ዘንግ ጫፎች ላይ የሚገቡት ክብ ክብደቶች) ላይ በቀለም የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። በሚዛን መዝኑ፣ ትክክለኛውንም ኪሎ ጻፉበት፤ ግራና ቀኝ የ1 ኪሎ ልዩነት ካለ ወገብ ሳታውቁት ሊጣመም ይችላል። ባሩንም መዝኑት፦ ደረጃውን የጠበቀው የወንዶች ባር 20 ኪሎ ነው፣ ከውኃ ቧንቧ የተሠራው ግን እንደ ውፍረቱ ይለያያል። ቤት ውስጥ ዲስክ ማፍሰስ ለሚፈልግ፣ ኮንክሪት በሊትር 2.4 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን 4 ሊትር የሚይዝ የቀለም ቆርቆሮ 9 ኪሎ ተኩል ያህል ይወጣዋል። የድሬዳዋ ሙቀት ውኃውን ቶሎ ስለሚመጥጠው ይሰነጠቃል፤ በእርጥብ ጆንያ ሸፍናችሁ 7 ቀን ሙሉ ውኃ አጠጡት።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይመክራል። ለጀማሪ 3 ቀን ይበቃል፣ በመካከሉ አንድ አንድ ቀን እየታረፈ። አንዱን ቀን ስኳት (ባሩን በትከሻ ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ማለት)፣ ቤንች ፕሬስ (አግዳሚ ላይ በጀርባ ተኝቶ ባሩን ከደረት ወደ ላይ መግፋት) እና ባሩን ጎንበስ ብሎ ወደ ሆድ መሳብ፤ ሌላውን ቀን ዴድሊፍት (ባሩን ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም)፣ ትከሻ ፕሬስ (ባሩን ከትከሻ ወደ ራስ በላይ መግፋት) እና ፑል አፕ (ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ)፤ እንዲህ እያፈራረቃችሁ። እያንዳንዱን 3 ዙር፣ በዙር ከ8 እስከ 12 ጊዜ ሥሩ፤ በዙሮቹ መካከል 2 ደቂቃ እረፉ። ዙሩን ስትጨርሱ ሁለት ጊዜ የመጨመር አቅም ሊተርፋችሁ ይገባል።

ስኳት ላይ እግር በትከሻ ስፋት ይከፈት፣ ጉልበት የእግር ጣቶችን አቅጣጫ ይከተል። ጉልበት ወደ ውስጥ ከታጠፈ ክብደቱ በዝቷል፤ ቀንሱ። ተረከዝ ከመሬት የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ቁርጭምጭሚት አልተፍታታም፤ እስኪፍታታ ድረስ ከተረከዝ ሥር 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ አድርጉ።

ዴድሊፍት ላይ ወገብ የሚጎዳበት አንድ ምክንያት እዚህ አገር በብዛት ይታያል። ደረጃውን የጠበቀ ትልቅ ዲስክ 45 ሴንቲ ሜትር ወርድ ስላለው ባሩ ከመሬት 22.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጣል። የአገር ውስጥ ዲስክ ትንሽ ስለሆነ ባሩ ዝቅ ይላል፣ ሰውየውም ለመድረስ ጀርባውን ያጎብጣል። መፍትሔው ከዲስኮቹ ሥር ጣውላ ደራርቦ ባሩን ወደዚያ ከፍታ ማምጣት ነው። ብሎኬት አትጠቀሙ፤ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ብረት ሲያርፍበት ይሰበራል። ባሩ ከጫማችሁ መሐል (ከተረከዝና ከጣቶች መካከል) በላይ ይሁን፣ ሲነሳም ቅልጥማችሁን እየታከከ ይውጣ።

ቤንች ላይ አውራ ጣት ባሩን ይክበብ፣ የትከሻ አጥንቶች ወደ ኋላ ይሰብሰቡ። የሚረዳችሁ ሰው ከሌለ የዲስክ ማሰሪያውን አታስገቡ፤ ባሩ ደረታችሁ ላይ ቢቀር ወደ አንድ ጎን አዘንብላችሁ ዲስኩን ታራግፉታላችሁ።

ደብተር ያዙ። ቀን፣ ኪሎ፣ ስንት ጊዜ እንዳነሳችሁ ጻፉ። ሦስቱንም ዙር 12 ጊዜ ካነሳችሁ ያው እንቅስቃሴ በሚቀጥለው ጊዜ ሲደርስ ለእጅና ለደረት 2.5፣ ለእግር 5 ኪሎ ጨምራችሁ ወደ 8 ተመለሱ። በየ8 ሳምንቱ አንድ ሳምንት በ60 በመቶ ክብደት ሥሩ፤ ጅማት የሚያገግመው ያኔ ነው።

ምግብ ላይ፣ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ግራም ፕሮቲን በቂ ነው፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 110 ግራም ገደማ። ፉል ከ3 እንቁላል ጋር 30 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ የላም ወይም የግመል ወተት 8፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ያህል ይሰጣል። ፈጢራ ከማር ጋር ኃይል ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ ጥቂት ነው። በጾም ቀን ምስር፣ ሽሮ፣ ፉልና የባቢሌ ኦቾሎኒ ያዋጣሉ። በረመዳን ከኢፍጧር 2 ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ሥሩ፤ ክብደቱን ሳይሆን ዙሩን ከ3 ወደ 2 ቀንሱ።

በማግስቱ የጡንቻ መተሳሰር ጤናማ ነው፣ በሦስት ቀን ይለቃል። መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ሕመም ግን ያን እንቅስቃሴ ማቆሚያ ምልክት ነው። ከከባድ ሥራ በኋላ ሽንት እንደ ኮካ ከጠቆረ ጡንቻ ተጎድቶ ኩላሊት ላይ እየደረሰ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ።

በሕመም፣ በጉዞ ወይም በሥራ ምክንያት ወር ያህል ካቋረጣችሁ ደብተሩ ላይ ካለው የመጨረሻ ክብደት በ60 በመቶ ጀምሩ። አንድ ጊዜ የተገነባ ጡንቻ ከመጀመሪያው በፈጠነ ጊዜ ይመለሳል፤ ጅማቱ እንዲደርስበት ግን በየሳምንቱ ከ10 በመቶ በላይ አትጨምሩ።